ቢላ ያላነሳችው ሐኪም

አብርሃ ሐኪም ይንቅ ነበር። ሐኪም ብቻም አይደለም፤ መካኒኩን፣ ትራፊኩን፣ የቂርቆስ ዕድራቸውን ዳኛ፣ የሚስቱን የመብርሂትን ወንድሞች ሁሉ በአንድ ዓይን ነው የሚያያቸው። ዕድሜውን ሙሉ ከሑመራ ሰሊጥ ጭኖ ሲመላለስ ማንም ያስተማረው አንድ ነገር እንደሌለ ይምላል።

በሁለት ሺህ ዓ.ም. ግድም፣ ሑመራ ላይ ጆንያ ሲያነሳ እፉኝት ቀኝ እጁን ነደፈችው። ጓደኞቹ ጤና ጣቢያ እንሂድ ቢሉት፣ “እነዚያ ልጆች ምን ያውቃሉ” ብሎ የእጁን አንጓ በገመድ ጥርቅም አድርጎ አሰረና በአውሮፕላን አዲስ አበባ ውሰዱኝ አለ። ካዛንቺስ አንድ የግል ሆስፒታል ሲደርስ እጁ አብጦ ያብረቀርቃል፤ ድዱም ይደማል።

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኢያቄም ቆዳውን ተርትሮ እብጠቱን ሊያስተነፍስ አሰበ። ከመጀመሩ በፊት ግን የመርዝ ሕክምና ስፔሻሊስቷን ዶክተር አርያምን አስጠራ። ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት መጣች።

“ይቺ ናት ስፔሻሊስት?” አለ አብርሃ ወደ ሚስቱ ዞሮ።

ዶክተር አርያም ደም ቀድታ በብርጭቆ ቱቦ አስቀመጠችና አጠገቡ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ቆይታ ቱቦውን ስታዘነብለው ደሙ እንደ ውኃ ፈሰሰ።

“አልረጋም” አለችው ዶክተር ኢያቄምን። “አሁን ቢቀደድ መድማቱን የሚያቆምልን የለም። የመርዝ ማርከሻው ይሰጠው።”

“አንቺ፣ ቁጭ ብለሽ ደም ከማየት ሌላ ሥራ የለሽም?” አላት አብርሃ።

“ለዛሬ የለኝም። እርስዎ ዝም ብለው ይተኙ።”

ማርከሻው በደም ሥሩ ገባ፤ ገመዱም ቀስ ተብሎ ተፈታ። እሷ እየተመላለሰች አዲስ ደም ትቀዳለች፣ ትጠብቃለች፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በማግሥቱ ደሙ ረጋ፤ እብጠቱም እያደር ጎደለ። እጁ ተረፈ፤ ሁለት ጣቶቹ ግን አንታጠፍም አሉ።

ሊወጣ ሲል፣ “እነዚህን አበላሸሽብኝ” አላት።

“ገመዱን ማን አሰረው?”

“እኔ ነኛ።”

“እንግዲያው እኔን አይጠይቁኝ” ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

መብርሂት ተከትላት ሄዳ፣ እጅ ነስታ አመሰገነቻት። አብርሃ እስከ ኡራኤል ድረስ ሲነጫነጭ ሄደ።

“ምስጋናው ለምኑ ነው? ተቀምጣ አይደል ያየናት?”

“ያኛው ሊቀድድህ ነበር፤ እሷ ናት ያስቀረችው።”

“እሱስ ሊሠራ ነበር።”

መብርሂት ላዳ አስቆመችና፣ በሩን በግራ እጁ ለመክፈት ሲታገል ቆማ አየችው። አላገዘችውም።