«የፓርቲያችን እጩ»

ቅዳሜ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2022 ጥቅምት ላይ። እህቴ ለካውንቲው ፍርድ ቤት ዳኝነት ትወዳደር ነበር። እኔ የምሠራው ሪከንባከር የሚባል ቦታ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ትምህርቴም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እሷ ወደ አሜሪካ ልጅ ሆና ስለመጣች አማርኛ መጻፍ ይከብዳታል። የምርጫ ወረቀቷን እኔ እንድተረጉም ሰጠችኝ።

እንግሊዝኛው ላይ ስሟ፣ ፎቶዋና ሥራዋ ብቻ ነበር ያለው። ባዶ መሰለኝ። የኛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የማን ወገን እንደሆነች ነው። ከስሟ በላይ «የፓርቲያችን እጩ» ብዬ ጨመርኩበት። እሷን ማክበሬ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የኛ ሰው የሚበዛበት ዋይትሆል ሰፈር ሦስት ሱቆች በር ላይ ለጠፍኩት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጋሼ ደስ ብሏቸው ፎቶ አንስተው ላኩላት። ወዲያው ኮል አደረገችኝ። አልተቆጣችም። ፓርቲው በመጀመሪያው ዙር ምርጫ እጩው አድርጎ መርጧት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የዳኝነት ተወዳዳሪ በማስታወቂያው የፓርቲ ስም ማንሳት አይፈቀድለትም አለችኝ። በስሟ የወጣ ወረቀት ሁሉ ደግሞ እሷን ያስጠይቃል።

«ታዲያ ፓርቲሽ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ነው። ነገ ችሎት ላይ ፊቴ የሚቆመው ሰው ግን ‹የነሱ ናት› ብሎ መፍራት የለበትም። ዛሬውኑ አንሳልኝ።»

ከሥራ መግባቴ ነበር። ደክሞኛል፣ ነገ አነሳዋለሁ አልኳት።

«እሺ፣ የኔ ፖለቲከኛ፣ ተኛ» ብላ ሳቀችብኝ።

ራሷ ሄደች። ሁለቱን አነሳች። ከሁለተኛው ሱቅ ወጥታ መስቀለኛው መንገድ ላይ አንድ ፒክአፕ መኪናዋን መታው። ወደ ሦስተኛው ሱቅ ትሂድ፣ ክሊንተንቪል ወደ ቤቷ ትመለስ፣ አላውቅም። ሆስፒታል ስደርስ አርፋለች።

ለለቅሶ የመጣው ሰው «ዳኛችን» እያለ ያለቅስ ነበር። ለምን ዋይትሆል እንደሄደች የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም።

በሞተች ማግስት ጠዋት ሦስተኛው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሰምተዋል። ወረቀቱን መላጥ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«ተወው ልጄ። ሞታ ማን ይከሳታል? ሰው ይያት።»

ሕጉ ለሞተ ሰውም ይሠራ እንደሆነ የምጠይቀው እሷን ብቻ ነበር። እጄን አስለቀቅኩና ላጥኩት። ፕላስተሩ አልለቅ ብሎ ወረቀቱ ፎቶዋ ላይ ተቀደደ። መስታወቱ ላይ የቀረውን በጥፍሬ ፋቅኩት።