ከጉደር እስከ አምቦ ትንፍሽ ያላሉት እናት

በእኛ አገር ሰው ሰላም ተብሎ ዝም ካለ ያስደነግጣል። ነርስ ለሆነ ሰው ደግሞ ይብሳል!

ባለፈው ቅዳሜ ከጉደር ወደ አምቦ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። «አከም ጅርቱ፣ አዴ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። ዝም። በአማርኛ ደገምኩላቸው። ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ እንጂ ከንፈራቸው አልተላቀቀም። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቃቸውም በግራ እጃቸው ሰጡት፤ ቀኝ እጃቸው ከጋቢው ሥር ንቅንቅ አላለም።

ክው አልኩ። «ሹፌር፣ ነርስ ነኝ፤ ስትሮክ ነው! ወደ ሆስፒታል ንዳው!» ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ተንጫጫ። ሴትየዋ ራሳቸውን እየነቀነቁ ገፈተሩኝ፤ እኔ ግን «አይዞዎት፣ እናቴ፣ ደረስን!» እያልኩ ከረዳቱ ጋር ደግፌ ድንገተኛ ክፍል አስገባኋቸው።

ሐኪሙ ጋቢውን ሲገልጠው ያ አልንቀሳቀስ ያለው እጅ እርጥብ ቅጠል ጨብጧል። ሊያስለቅቃቸው ሲሞክር አፋቸው ተከፈተ። እንዴት ያለ አፍ!

«አትንካው! የልጄ መድኃኒት ነው! የወፍ በሽታ ይዟት ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። መድኃኒት አዋቂው ቤትሽ እስክትደርሺ ትንፍሽ ካልሽ አይሠራም ብሎኝ ነበር!»

የምገባበት ጠፋኝ። ስንት መንገድ ችለው የመጡትን ዝምታ እኔ አስጥያቸዋለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቅጠሉን ወለሉ ላይ ወርውረው ክንዴን ጨመደዱት።

«የእኔን መድኃኒት አበላሽተሽዋል። በይ ያንቺን ያዢና ተነሺ፤ ልጄን አንቺው ታድኛታለሽ!»