«አልተሳካም» የሚል ፓምፕ

የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ከጎጃም ቆቦ ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ የዚያን ጠዋት ያህል የተናደድኩበት ቀን የለም። ሮቢት አጠገብ ያለውን የመስኖ ፓምፕ የሚያስነሳው ኮምፒውተር አንዲት ቃል ብቻ ጽፎ ተገትሯል፤ «አልተሳካም።» ምኑ? ለምን? እሱን አይናገርም።

የዕለቱ የውሃ ተራ የደረሰው ባሏ ለሞተባት አንዲት ሴት ነበር። ሽንኩርቷ ጠውልጓል። የፓምፑ ቤት በር ላይ ቆማ «ምን ይላል ወንድሜ?» አለችኝ።

«አልተሳካም ይላል።»

«እሱንማ ቦዩም ይነግረኛል! ማን ዘጋብኝ ነው የምልህ። ያ ጎረቤቴ ነው አይደል?»

እሷና ጎረቤቷ በውሃ ተራ ተጣልተው ሽማግሌዎች ያስታረቋቸው በቅርቡ ነው። «እሱ አይደለም» እንዳልላት ምክንያቱን እኔም አላውቅ።

ፕሮግራሙን ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረ ባለሙያ ነው። ኮዱን ስከፍተው ይብስ አንጨረጨረኝ። አንድ ፕሮግራም የኮምፒውተሩን ሲስተም ፋይል ክፈትልኝ ብሎ ሲከለከል ምክንያቱ በቁጥር ይቀመጥለታል፤ ቁጥሩን ወደ ቃል የሚለውጥ ትእዛዝም ሲ ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ። አንድ መስመር መጻፍ ነው! ሰውዬው ግን አልጻፋትም፤ ፋይሉ ቢጠፋም፣ ዲስኩ ቢሞላም መልሱ ያው ነው። ሐኪም የመጣውን በሽተኛ ሁሉ «አሞሃል» ብሎ ቢያሰናብት ምን ይባላል?

እየተነጫነጭኩ መስመሯን ጨመርኩ፤ የትኛው ፋይል፣ ምን ሊደረግበት ሲል፣ ለምን እንደተከለከለ እንዲናገር። እንደገና ሳስነሳው «የውሃ ተራ መዝገቡን ፋይል ለመጻፍ መክፈት አልተቻለም፤ ፈቃድ የለም» አለ። አጠገቤ ወደቆመው የፓምፑ ኦፕሬተር ዞርኩ።

«ይህን ፋይል ማን ቆለፈው?»

«እኔ ነኛ» አለ ኮራ ብሎ። «በእርቁ ጊዜ ተራው ላይ ዱዓ ተደርጎ የለ? ማንም እንዳይነካው ተባለ። ወላሂ፣ እኔም ትናንት ማታ እንዳይነካ አደረግሁት።»

ፕሮግራሙ ደግሞ ተራው መጀመሩን እዚያው ፋይል ላይ ካልጻፈ ሞተሩን አያስነሳም። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ኦፕሬተሩ ያለ ሽማግሌዎቹ ፈቃድ አልከፍትም ብሎ ድርቅ ሲል ለአንደኛው ደወልን።

«ሰው ተራውን እንዳያዛባው አልን እንጂ ውሃው ይታሰር አልን እንዴ?» ብለው ጮኹብን። ፋይሉ ተከፈተ፣ ሞተሩም ተነሳ።

ለሴትየዋ ልነግራት ብወጣ በሩ ላይ የለችም። ማሳዋ ድረስ ሄድኩ። ውሃው ቀድሞኝ ደርሷል። እሷ ድንበሩ ላይ ቆማለች፤ ጎረቤቷ ጀርባውን ሰጥቶ እየሄደ ነው።

«ማንም አልዘጋብሽም እህቴ፤ ፋይሉ ተቆልፎ ነው። አሁን ኮምፒውተሩ ምክንያቱን በግልጽ ይናገራል።»

«አሁን?» አለች። «ጠዋት እንዲህ ቢል ምን ነበረበት? ሰው ሁሉ እየሰማ ሌባ ብየው አረፍኩ።»

ሽንኩርቱ ተርፎ ለገበያ በቃ። እሷን ግን መንደሩ እስከ ዛሬ እርቅ አፍራሽ ይላታል።