ችግኞቹ የበሉት መብራት

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አላገባበትም። አንድ ሽማግሌ ቤት ውስጥ አርባ የቡና ችግኝ ሲያሳድጉ እኔ መብራታቸውን ለካሁ፤ ያውም ተሳስቼ። ግን ስህተቴ ችግኞቹን ሊያሳጣቸው ጥቂት ነበር የቀረው፤ ስለዚህ እንዳለ ልጻፈው።

ሽማግሌው የእናቴ አጎት ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ጅማ ስመጣ ሄርማታ ካለው ቤታቸው አንድ ክፍል ሰጡኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ሚስታቸውን ግን እንደ ልጆቻቸው በኦሮምኛ ሀርሜ፣ እናቴ፣ ነው የምላቸው።

እኔ ከመምጣቴ ትንሽ ቀደም ብሎ መንገዱ ሲሰፋ የግቢያቸው ግማሽ ሄደ። በዚያ በኩል የሐጂ አባት የተከሉት አንድ ቡና ነበር። ሐጂ ከመቆረጡ በፊት ቀይ ቀዩን ፍሬ ለቀሙና ዘር አስቀሩ። የተረፈውን ግቢ የጎረቤት ፎቅ ጋርዶታል፤ ጉልበታቸው ደግሞ ገጠር አያመላልሳቸውም። ስለዚህ ድሮ ቡና ያከማቹበት በነበረው ክፍል ውስጥ አርባ ፕላስቲክ አፈር ደረደሩ፤ ከጣሪያው ላይ ስድስት ፓውዛ ሰቀሉ።

ጎረቤት አልማራቸውም። ክፍሉ በመስኮቱ ሲያበራ አንዱ ባለሱቅ በአጥር ላይ ይጣራል፦

«ሐጂ፣ ስታዲየሙ መቼ ነው የሚመረቀው?»

«ተጫዋቾቹ ገና ቅጠል እያወጡ ነው፤ ሰኔ ላይ ኢንሻአላህ!»

ሀርሜ ግን አይስቁም ነበር። የቆጣሪው ካርድ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ሲጀምር አንድ ቀን ቁርጥ አድርገው ተናገሩ፦ «ፍሪጁ ቤቱን ይመግባል፣ ይብላ። ከፍሪጁ በላይ የሚበላ ነገር ግን በዚህ ቤት አላኖርም። ከበለጠ ይነቀላል።»

በዚያው ሰሞን መምህራችን በየቤታችን አንድ ነገር ለክተን እንድናመጣ አዞን ነበር። እኔ እለካለሁ አልኩ። ሐጂ «ኤዬ፣ ይለካ» አሉ። ኋላ ብቻችንን ስንሆን ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ዝናቡ እስኪገባ ብቻ ቢቆዩልኝ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ማና ወረዳ፣ እህቴ መሬት ላይ እተክላቸዋለሁ። ከዚያ ቡና የቀረኝ እነሱ ናቸው» አሉኝ።

ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ መለኪያ ለሁለት ቀን ተዋስኩ። በመጀመሪያው ቀን ፍሪጁ ሃያ አራት ሰዓት ስንት እንደሚወስድ ለካሁ። በሁለተኛው ፓውዛዎቹ በአንድ ሰዓት የሚወስዱትን። የቀረው ቀላል ነበር፤ ፓውዛዎቹ በቀን ስንት ሰዓት እንደበሩ ማወቅና ማባዛት። እኔ ቀኑን ክፍል ስለምውል ለሐጂ ደብተር ሰጠኋቸውና «መብራት የበራበትንና የጠፋበትን ሰዓት ይጻፉልኝ» አልኳቸው። አንድም ቀን ሳይዘሉ ጻፉ።

በሳምንቱ ሠንጠረዡን በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አሰማምሬ እራት ላይ አቀረብኩ። «የፍሪጁን እጥፍ ይበላሉ» አልኩ፣ ጎበዝ እስኪሉኝ እየጠበቅሁ። ሐጂ ያነሱትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። ሀርሜ ያሸነፉ አይመስሉም ነበር። «እሺ። እስከ እሁድ ይነቀሉ» አሉና ሳህኖቹን አነሱ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳመጣሁ የገባኝ።

ዓርብ ክፍል አልነበረንም። ሐጂ ለጁምዓ ሲወጡ ፓውዛዎቹን በሙሉ አጠፉ፤ ሰው በሌለበት ክፍል አያምኗቸውም። ተመልሰው ሲያበሩ ደብተሩን ተመለከትኩ። ምንም አልተጻፈም።

«ሐጂ፣ አልጻፉትም እኮ።»

«ምኑን?»

«መብራት መጥፋቱን።»

«የት ጠፋ? ፍሪጁ ሲሠራ አይደል የዋለው?»

«ይህኛው እኮ ጠፍቶ ነበር!» አልኩ ወደ ጣሪያው እየጠቆምኩ።

«እሱማ ፓውዛ ነው፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አንቺ የጠየቅሽኝ መብራት! መብራት ሲጠፋ ጽፌያለሁ፣ ሲመጣም ጽፌያለሁ፣ ወላሂ አንድ አልዘለልኩም።»

ደብተሩን ገለጥኩት። «ሌሊቱን መብራት ነበረ» ይላል በየገጹ። እሳቸው ግን ማታ ማታ፣ እኔ ከተኛሁ በኋላ፣ «ችግኝም ይተኛል» ብለው እያጠፉ ነበር የሚገቡት። እኔ አምፖሉን ስጠይቅ እሳቸው ከተማው ኤሌክትሪክ ያገኘበትን ሰዓት ሲመዘግቡልኝ ሰንብተዋል። ሮጬ ለሀርሜ ነገርኳቸው። ጎናቸውን ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። «አንድ ሐጂ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አንድ መብራት መጻፍ አቃታችሁ!» አሉና ተጨማሪ ሳምንት ሰጡን።

በደብተሩ አናት ላይ «መብራት» የሚለውን ሰርዤ «ፓውዛ» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ሳሰላው እጥፉ ጠፍቷል፤ ግን አሁንም ከፍሪጁ ትንሽ ይበልጣል። እውነቱን ልናገር፣ ቁጥሯን ዝቅ አድርጌ ልጽፋት እጄ ተነስቶ ነበር። ማን ያውቅብኛል? ግን አንድ ጊዜ በእኔ ቁጥር የሐጂ ጉርሻ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ የማያስተማምን ቁጥር ልሰጣቸው አልፈለግሁም። እንዳለ ነገርኳቸው።

ሐጂ ችግኞቹ መካከል ቆመው ጢማቸውን አሻሹ። እኔም ችግኞቹን ሳይሆን ግድግዳውን ማየት ጀመርኩ፤ ከቅጠሎቹ ይልቅ ግድግዳው ነበር የሚያበራው።

«ለምን ከጣሪያው ሰቀሏቸው?»

«ፀሐይ ከላይ አይደለች እንዴ?»

ፓውዛዎቹን በገመድ ወደ ችግኞቹ አወረድናቸው። ዙሪያውን ብርሃን እንዲመልስ ነጭ አቡጀዲ ጋረድን፤ አቡጀዲውን ከሳጥናቸው ያወጡልን ሀርሜ ናቸው። ከዚያ ሁለቱን ፓውዛ አጠፋንና ችግኞቹ ይጠወልጋሉ ብለን ጠዋት ጠዋት ቅጠል በቅጠል አየን። አልጠወለጉም። አራቱ ፓውዛ በቀን የወሰዱት ከፍሪጁ አነሰ።

ሀርሜ ሠንጠረዡን አላዩትም። ክፍሉ ገብተው አንዱን ቅጠል በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ «ማሻአላህ። ድሮስ አይብዛ አልኩ እንጂ መቼ አይብላ አልኩ?» አሉ። ሐጂ ወደ እኔ ዞረው ዓይናቸውን ጠቀሱኝ።

ክረምቱ ሲገባ አርባዎቹን ችግኞች በካርቶን አድርገን በሚኒባስ ማና ወሰድን። ሐጂ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ጉድጓዱን እያሳዩ እኛን አስተከሉን። ፓውዛዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ የጠፉት በዚያው ዕለት ጠዋት፣ ቅዳሜ ሰኔ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።