ወደ ኋላ የታጠፈው አበባ

ለንደን፣ አርችዌይ ሰፈር ካለው ፍላታችን ስር ተከራዮች የምንጋራት ትንሽ የአትክልት ቦታ አለች። አንድ ጎረቤት ሲለቅ ጥሎት የሄደውን የሸክላ መትከያ፣ ውስጡ ያለው ተክል ሞቷል ብዬ ልደፋው ስል፣ ተክሉ ሚያዝያ ላይ አበበ።

መሬት ላይ ከተነጠፉት ቅጠሎች መሀል አንድ ቀጭን ዘንግ ወጣ። ጫፉ ላይ ሮዝ አበቦች አቀርቅረው ተንጠለጠሉ፤ የአበባ ቅጠሎቻቸው ቁልቁለት በብስክሌት እንደምትወርድ ሴት ፀጉር ወደ ኋላ ታጥፈዋል።

ባለቤቴ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቼክ አደረገና፣ "ሳይክላመን ነው" አለኝ። አመንኩት።

በማግስቱ ከላይ ፎቅ የሚኖሩት ጋሼ ወረዱ። አገር ቤት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ፤ ለንደን ግን ጡረታ እስኪወጡ የመኪና ማቆሚያ ጠብቀዋል።

"ሳይክላመንማ አይደለም" አሉ ጎንበስ ብለው። "የሳይክላመን አበባ እያንዳንዱ በየራሱ ዘንግ ነው የሚወጣው። እዚህ አንዱ ላይ ስንት እንዳለ ቁጠሪ።"

"ሰባት። ታዲያ ምንድን ነው ጋሼ?"

"ስሙን አላውቅም። ዘመዶቹን ግን አገኛለሁ።"

አጉሊ መነጽር አመጡ፤ አንዷን አበባ አስፈቅደውኝ ቀጠፉና በመርፌ ከፈቷት።

"ነይ እዪ! ወንዴዎቹ፣ እነዚህ ብናኝ የያዙት ክሮች፣ የቆሙት በአበባ ቅጠሎቹ መካከል ሳይሆን ልክ ፊት ለፊታቸው ነው። ፕሪምሮዝ ከሚባለው የአበባ ቤተሰብ ነው! ሳይክላመንም የዚያው ወገን ስለሆነ፣ የባልሽ ስልክ ብዙም አልዋሸ።"

ድምፃቸው ክፍል ሙሉ ተማሪ ያለ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ መትከያውን ታቅፌ ከጋሼ ጋር በአውቶብስ ወደ ሰፈሩ የአበባ ገበያ ሄድን። አበባ የምትሸጠው አሮጊት እንግሊዛዊት ገና ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ይሄ የአሜሪካ ሰፊ የሣር ሜዳ አበባ ነው። ተወርዋሪ ኮከብ እንለዋለን። የፕሪምሮዝ ወገን ነው።"

"ብለው ነበር!" ብዬ ጮህኩ። "እሳቸው ብለው ነበር!"

"እንዴት አወቁ?" አለቻቸው።

ጋሼ ሰምቼባቸው በማላውቀው የረጋ እንግሊዝኛ አስረዷት። እሷም ጓደኛዋን ጠርታ እንደገና አስነገረቻቸው። ሲጨርሱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ" አሉኝ ስንመለስ፣ "እዚህ አገር ስለ አበባ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።"

ሴትዮዋ እንዲያግዟት ጠይቃቸው ነበርና በሳምንቱ ሄዱ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠረጴዛው ኋላ ቆመው ገዢውን ሁሉ ያስተምራሉ። ጋሼን ቤታቸው ለማግኘት ቀጠሮ ማስያዝ ግድ ሆኗል።