ከጉብታው ማዶ ያለው ጉድጓድ

አብረን ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ ጉድጓድ መክፈት ነበር። የጥር ጊዮርጊስ ባለፈ ማግስት፣ ውርጩ ከሳሩ ላይ ሳይለቅ፣ ባለቤቴ አካፋውን እኔ እንቅቡን ይዘን ወደ መስኩ ወጣን። ለበዓሉ ብለን የደፈንናቸውን ጉድጓዶች አፈር እያወጣን ወደ መስኩ ጥግ አጋዝን። ስለ ምን እንዳወራን አላስታውስም። ምናልባት ስለ ድንች ዘር ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀን መጨረሻው መሆኑን የሚናገር ምልክት የለውም።

መስኩ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ መንገድ ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆች ከነቤተሰባቸው የኖሩበት ግቢ ውስጥ ነው። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት የፈረስ መጋለቢያ ነበር። ቤቶቻቸውን በጽድና በወይራው መሀል ሠሩ፤ መስኩን አጥረው የጎልፍ መጫወቻ አደረጉት። እዚህም እዚያም መሬቱን ቆፍረው ቆርቆሮ ጣሳ ቀበሩ። ትንሿን ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ ጣሳው ውስጥ ማስገባት ነው ጨዋታው። ያገሬው ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እያየ፣ "እነዚህ በሐምሌም ገና ይጫወታሉ" እያለ ይስቅ ነበር። ባለቤቴን ሳሩን እንዲያጭድላቸው የቀጠሩት ገና በወጣትነቱ ነው። እኔም ያገኘሁት እዚያው ነው።

ለውጡ በመጣ በዓመቱ ፈረንጆቹ ሄዱ። ግቢው የመንግሥት ሆነ፤ ቤቶቹም ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ተሰጡ። ባለቤቴ ዘበኛ ሆኖ ቀረ፤ ለእኛም ከጀርባ ካሉት ክፍሎች አንዱ ደረሰን። ግቢውን ሊረከብ የመጣው ሰው "መመሪያ እስኪመጣ ምንም ነገር እንዳይነካ" ብሎ ሄደ። መመሪያው አልመጣም።

ባንዲራዎቹ ብቻ ተነኩ። በየጉድጓዱ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ቀርከሃ ተተክሎ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር አንድ ቀን መጥቶ አየና፣ "ይሄ ለአውሮፕላን ነው ወይስ ለሽፍታ?" አለ።

"ለኳሷ ነው ጓድ፤ የት እንደምትገባ እንዲታወቅ" አለው ባለቤቴ።

"ኳስ ዓይን አላት እንዴ?" አለና ሁሉንም አስነቀላቸው።

አጥሩ ሲፈርስ ፈረሰኞቹ ወደ ድሮ መስካቸው ተመለሱ። በጥር ጊዮርጊስ ከየገጠሩ ይመጣሉ፤ ፈረሶቻቸውን ሸልመው ይጋልባሉ። የሚጋልብ ፈረስ እግሩ ጣሳው ውስጥ ቢገባ ይሰበራል፤ ጋላቢውም አይተርፍም። ስለዚህ በየዓመቱ ዋዜማውን ጉድጓዶቹን በአፈር ጠቅጥቀን እንደፍናለን፤ በማግስቱ ደግሞ እንከፍታለን።

"ለምን አንዴ ደፍነኸው አትገላገልም?" እለው ነበር።

"መመሪያ አልመጣማ።"

"መመሪያው መንገድ ላይ ሞቷል፣ አንተ ሰው።"

"እንግዲያው ተዝካሩ እስኪወጣ እንጠብቀዋ።"

መመሪያው ሰበብ እንደነበረ አውቃለሁ። አፈሩን አውጥቶ ሲጨርስ ቁጢጥ ይልና የጣሳውን ከንፈር በመዳፉ ዙሪያውን ይዳስሳል። በጉልምስናው በደንብ የሠራው ነገር ያ መስክ ነው። ከእጁ እንዲጠፋ አልፈለገም።

ጉድጓዶቹን የሚጠራቸው እዚያ በሆነው ነገር ነበር። አንዷ ፈረንጅ ኳሷ አልገባ ብሏት ያለቀሰችበት አለ፤ ውሻ ኳሱን ነጥቆ የሮጠበት አለ፤ ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው ዱላቸውን የወረወሩበት አለ። ስድስት ናቸው፤ በተራ እየዞርን እንሄዳለን። እኔ ግን አምስተኛው ላይ ስደርስ ይደክመኛል። እዚያ የተቆረጠ የጽድ ጉቶ አለ፤ እሱ ላይ ቁጭ እላለሁ። ባለቤቴ እንቅቡን ከእጄ ይወስድና ከጉብታው ማዶ ወዳለው ስድስተኛው ብቻውን ይወርዳል። ባርኔጣው ሲጠልቅ አያለሁ፤ ቆይቶ ሲወጣም አያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ተከትዬው አልሄድኩም።

በሰኔ ሆዱ እያበጠ ታመመ። በአውቶቡስ ዳንግላ ወሰድኩት፤ ከመናኸሪያው እስከ ጤና ጣቢያው በጋሪ ሄድን። በዚያ ሕመም መሀል ቀና ብሎ ለባለ ጋሪው፣ "ወንድሜ፣ ፈረስህ የኋላ ግራ እግሩ ያነክሳል፤ ኮቴውን እይለት" አለው። ባለ ጋሪው "አንተ ራስህን አስታም" ብሎ ሳቀ። መድኃኒት ሰጥተውን ተመለስን። በነሐሴ አረፈ።

ጥር ሲቃረብ መስኩን አየሁት። ያንን ክረምት ያጨደው ሰው አልነበረም፤ ሳሩ ጉልበት ይደርሳል። ጉድጓዶቹ ከነአፋቸው ከሥር ተሸሽገዋል። ለፈረሱም ለጋላቢውም ፈራሁ። ከዚያ በላይ ግን ለባለቤቴ ስም ፈራሁ። አንድ ልጅ ቢሰበር፣ "የዚያ የሟቹ ጉድጓድ ነው" ይባላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰው እንዳይወድቅ የለፋ ሰው ስሙ በእርግማን ይቀራል።

ማጭድና ዱላ ይዤ ወጣሁ። ያለቀሰችው ሴት ከየትኛው ቤት በረንዳ ትታይ እንደነበር፣ ውሻው ወደየትኛው ወይራ እንደሮጠ እያሰብኩ የባለቤቴን ወሬ ተከትዬ ሄድኩ። አምስቱን አገኘሁና ደፈንኳቸው። ከጉብታው ማዶ ወርጄ እስኪመሽ በዱላ ወጋሁ። ስድስተኛው የለም።

በማግስቱ በጥርባ ሐይቅ በኩል ወዳሉት የፈረሰኞቹ አለቃ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ደጃፋቸው ላይ እርካብ ይጠግናሉ።

"አባቴ፣ መስኩ ላይ ጉድጓድ አለ" አልኳቸው።

"የፍልፈል ነው?"

"የፈረንጆቹ ነው።"

"እሱማ ድሮ ተደፍኗል። ይኸው ስንት ዓመት እንጋልብበት የለም?"

"ባለቤቴ በየዓመቱ እየደፈነው ነው።"

"እና ከበዓሉ በኋላ?"

"ይከፍተዋል።"

እርካቡን አስቀመጡት። "ለምን ሲል?"

"መመሪያ አልመጣም እያለ።"

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ጥቁር ልብሴን ሲያዩ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። "ነፍሱን ይማረው። ምነው ታዲያ ለእኛ ሳይነግረን?"

"የፈራ ጋላቢ ይወድቃል ይል ነበር።"

"እውነቱን ነው" አሉ እርካቡን መልሰው እያነሡ።

አምስቱን እንደደፈንኩ፣ የጉብታውን ማዶ ግን እንደማላውቀው ነገርኳቸው።

"እንግዲያው ጉብታው ላይ ደርሰን እንዞራለን። ግን እነዚህ ጎረምሶች አንዴ ከጋለቡ ቃል አይሰሙም፤ የሚያዩት ምልክት ይፈልጋሉ።"

"ባንዲራ ተከልክሏል፣ አባቴ።"

"ሰው መቆም ተከልክሏል? አንቺ ቁሚያ።" አዩኝና ፈገግ አሉ። "ብቻ ፈረስ ሲመጣብሽ እንዳትሸሺ። ከሸሸሽ ተከትሎሽ ማዶ ይወርዳል።"

በበዓሉ ቀን የባለቤቴን ጋቢ በጥቁር ልብሴ ላይ ደርቤ ጉብታው ላይ ቆምኩ። ከማየቴ በፊት መሬቱ በእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። እየመጡ፣ ሊደርሱብኝ ሲሉ እየዞሩ ሄዱ፤ የሳር ጓል ቀሚሴን እየመታው ያልፋል። አንድ ዳማ ፈረስ ግን አልዞር አለ። ጋላቢው ልጓሙን እየሳበ፣ "እመይቴ፣ ዞር በይ!" ይለኛል። ዞር ማለት ፈልጌ ነበር። ጋቢውን በሁለት እጄ ዘርግቼ ቆምኩ። ትንፋሹ ፊቴን ካሞቀው በኋላ ፈረሱ ወደ ጎን ታጠፈ። ያን ቀን ማንም አልወደቀም።

በበጋው በጎች ሳሩን ግጠው ጨረሱት። ያኔ ማዶ ብወርድ ስድስተኛው ጉድጓድ በቀላሉ ይታየኝ ነበር። ጉቶው ላይ ቁጭ ብዬ ባርኔጣው ይጠልቅበት ወደነበረው አየሁና ሳልወርድ ተመለስኩ፤ ያ የእሱ ነው።

አሁን በየዓመቱ የጊዮርጊስ ዋዜማ አምስቱን እደፍናለሁ፤ በበዓሉ ቀን ጋቢውን ለብሼ ጉብታው ላይ እቆማለሁ፤ በማግስቱ አምስቱን እከፍታለሁ።