አቤት ባይ ያጣ ሰው

ልጅ ሳለን እኔና አልማዝ፣ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ መጋላ ሰፈር ውስጥ ከአዬዮ ኸድራ ግቢ አንጠፋም ነበር። አዬዮ የሰፈሩ ሁሉ አያት የሆኑ ሶማሌ ባልቴት ነበሩ፤ ትንኝ እንዲሸሽ ፍም ላይ የኒም ቅጠል ጣል ያደርጉና፣ ዓይናችን በጭሱ እያነባ፣ ፋኖሱ ዙሪያ ሰብስበው ተረት ይነግሩን ነበር። ያኔ ከሁሉ የምንፈራው የወረርሽኙን ተረት ነበር።

«ወላሂ፣ በሽታ የምታውቁትን ሰው ድምፅ ተውሶ በር ላይ ይጣራል። አቤት ያለ አለቀለት!»

«እናቴ ብትሆንስ የምትጠራኝ?» አልኳቸው።

«እናትሽማ ከሆነች በጥፊ ትጠራሻለች!»

በማግስቱ እናቶቻችን ሲጠሩን ዝም ብለን ተቆነጠጥን። እኔ ስቄ ረሳሁት። አልማዝ ግን ትልቅ ሰው ሆናም አልረሳችውም።

ኮሮና ሲመጣ አጥር ለአጥር ጎረቤታሞች ነበርን። እኔ በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነኝ፤ በር መዝጋቱ አልከበደኝም፣ እንዲያውም ተስማማኝ። ባሌ ታደሰ ግን ባጃጁን ይዞ ከቤት እስከ ቀፊራ ገበያ ያገኘውን ሁሉ «ወሪያ!» ብሎ ሳይለክፍ የማያልፍ ሰው ነበር። ቤት መዋል ሲጀምር አጥሩ ሥር ይቆምና «አንቺ አልማዝ! አለሽ ወይስ ባልሽ ሸጠሽ?» እያለ ይጣራ ነበር። መጀመሪያ እሷም በስድብ ትመልስለት ነበር። ኋላ ግን አንድ ቀን፣ እኛ እየሰማናት፣ ልጆቿን «አቤት እንዳትሉ! አዬዮ የነገሩን በሽታ ይሄው መጣ!» አለቻቸው። የእሷ ቤት በሙሉ ሳቀ።

ታደሰ ከዚያ በኋላ አልተጣራም። እንቅልፍ አጣ፣ ጢሙን መላጨት ተወ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ለመደ። ክሊኒክ ብወስደው ትኩሳቱን ለክተው «ኮሮና የለበትም፣ ደስ ይበልሽ» አሉኝ። ሰፈሩ ደግሞ «ለቀቀ፣ አበደ» አለው፤ ቀርቦ ያየው ግን አልነበረም። መንገዱ ተከፍቶ ባጃጆች ሲመለሱ እሱ አልወጣም። እህል እንቢ እንዳለ ሞተ።

ይሄኔ ጎረቤቶቹ ለለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ጢም አለ። አልማዝ አጠገቤ ተቀምጣ «ታዴ እኮ ጨዋታ አዋቂ ነበር» አለችኝ።

«ሲጠራሽ የት ነበርሽ?»

«ኧረ በማርያም፣ ቀልድ ነበር እኮ!»

አዬዮን አልወቅስም፤ እሳቸው አስፈራርተውን ሲያበቁ እቅፋቸው ውስጥ ያስገቡን ነበር። በተረቱ ሰው ላይ በር የዘጋችው አልማዝ ናት። አብሮ አደግሽ ናት፣ ይቅር በያት ይሉኛል። ይበሉ። አጥሩ ሥር ቆሞ መልስ ሲጠብቅ ፊቱን ያየሁት እኔ ነኝ።